የሚተነፍሰው ክምር

አባቴ ብቸና ውስጥ የተሰነጠቀ ድስትና አሮጌ የሞተር ዕቃ እያቀለጠ አዲስ ድስት ይሠራ ነበር። ከቀለጠው አልሙኒየም ላይ እየገፈፈ የሚያወጣውን ግራጫ ዝቃጭ ጓሮ ሲከምር ኖሮ፣ በመጨረሻ አስም ገደለው። እኔም ሞጣ ላይ የምኖረው በዚሁ ሥራ ነው። ዝቃጩ ውስጥ ገና ብዙ ብረት አለ፤ ወቅጠው በወንፊት ሲነፉት አመዱ ይወርድና ፍሬው ይቀራል። ከተዝካሩ በኋላ ይህንኑ ላደርግ ወደ እናቴ ሄድኩ።

ስደርስ ክምሩ የተሸፈነበትን ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶታል፤ ዝናብም ገብቶበታል። ዝቃጭ ውሃ ሲነካው እንደሚንሾካሾክና ዓይን የሚያቃጥል፣ የቆየ ሽንት የመሰለ ሽታ እንደሚያወጣ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ይኼኛው ግን ሲር ይልና ዝም ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ሲር ይላል። አባቴ በመጨረሻው ሰሞን የሚተነፍሰው እንዲህ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ጸጉሬ ቆመ።

እናቴ ግን አልፈራችም። ጠዋት ጠዋት እህል ሳትቀምስ ጠበል ታመጣና ትረጭበታለች፤ ክምሩም ይመልስላታል። እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ ታዳምጠዋለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ሳሏም የአባቴን ሳል መስሏል። ጎረቤታችን ያለችው ነርስ ከሽታው ካልራቀች ደረቷ እንደሚዘጋ ነግራታለች፤ ማን ሰምቶ።

ጠበሉ አይደለም፣ ማንኛውም ውሃ እንዲህ ያደርገዋል ብዬ ከቧንቧ ቀድቼ አፈሰስኩበት። ሲር አለ።

«ውሃ ጠምቶት ነበራ» አለችኝ።

ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ ባሰኝ። እሷንም ከቀበርኩ ማንም የለኝም፤ ይህንኑ ነገርኳት። በመጨረሻ እንድወቅጠው ፈቀደችልኝ።

«ብቻ ቀስ እያልክ» አለች።

አሰጥቼ አደረቅኩት፣ ቀስ እያልኩ ወቀጥኩት፣ ነፋሁት። ፍሬውን በማቅለጫው ድስት ምድጃ ላይ ጥጄ ሲቀልጥ፣ እናቴ ክዳኑ የተከፈተ የጠበል ጠርሙስ ይዛ ከአጠገቤ ቆመች። የቀለጠ ብረት ውስጥ ውሃ ከገባ ይፈነዳል፤ ሞጣ ላይ ፊቱ በዚህ የጠፋ ባልንጀራ አለኝ። እጇን ብይዝ ጠርሙሱ ይደፋል። እንዳትረጭ ለመንኳት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ድስቱ ሰጠች። እንደ መስታወት የሚያበራው ብረት ምንም ድምፅ አልነበረውም።

«ዝም አለ» አለችኝ። «አሁን ቀለለው?»

ያ ድምፅ የአመድና የውሃ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ቀለለው፣ እማ።»

ጠርሙሱን ከደነችው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ለቅሶ ጀመረች።