ለእሷ መሄጃ ብቻ

የእህቴ አንድ ተራ ቀን ምን ያህል ያስወጣታል? በገንዘብ ካሰባችሁት ብዙ አይደለም፤ ሁለት አውቶቡስና አንድ ዳቦ ነው። የሚከብደው ሌላው ወጪዋ ነው። ጠዋት ይዛው የወጣችው ድምፅ ከሰዓት በኋላ አብሯት የለም፤ ስልክ ስትደውልና ሰው ስትጠይቅ አልቋል። ትዕግሥቷም ከምሳ በፊት ግማሹ ሄዷል። በቀን አንድ ሰው ደግሞ ይቀየማታል። ያለ ቅያሜ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሥራዋ የጉዞ ትኬት መቁረጥ ነው። መንገደኛው «እዚህ ቦታ መድረስ እፈልጋለሁ» ይላል። እሷ የትኛው አውሮፕላን ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ፣ መሐል ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያስጠብቅ፣ ድንበሩ በየት በኩል እንደሚታለፍ ፈልጋ ታወጣለች። እኔ እዚያው ቢሮ ጥግ ላይ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ልጄ ገና ስምንት ወሯ ስለሆነ ከማሽኑ አጠገብ ቅርጫት ውስጥ ትተኛለች። የማሽኑ ድምፅ ያስተኛታል፤ ወረቀት አልቆ ሲቆም ትነቃለች።

የቢሮው ሰዎች እህቴን «እርግጠኛ» ይሏታል። «እርግጠኛ ነዎት?» ሳትል አንድ ቃል አትጽፍማ። ስም ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ ሻይዋን ፉት ትላለች፣ ከዚያ ያንኑ ስም እንደ አዲስ ትጠይቃለች። ሌላው ልማዷ ይብሳል። ተጓዡን በዓይኗ ሳታይ ትኬት አትቆርጥም። በአጎት ወይም በጎረቤት የተላከ ፓስፖርት ከሆነ «ባለቤቱ ይምጣ» ብላ ትመልሳለች። ሲመጣም መንገዱን ከአፉ ታስነግረዋለች። መጀመሪያ የት ነው የምትወርደው? ከዚያስ? ማን ነው የሚቀበልህ?

ምክንያቱን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ሥራ አስገባሻለሁ ያላት ሰው ይዟት ሄደ። ድንበር ላይ ሲደርሱ «ማኅተም ላስመታልሽ» ብሎ ፓስፖርቷን ተቀበላትና ገባ። በሌላ በር ወጥቶ ጠፋ። እህቴ መሻገሪያው አጠገብ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ቀን ተቀመጠች። ባለሻንጣው፣ ባለዩኒፎርሙ፣ ልጅ ያዘለው ሁሉ በፊቷ ሲያልፍ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ «አንቺ ልጅ፣ ፓስፖርትሽ የት አለ?» አለቻት። እህቴ ወደ ቤቷ የተመለሰችው በዚያ ጥያቄ ነው።

ባለላስቲኩ ሰውዬ የመጡት እንግዲህ ወደዚህች ሴት መስኮት ነው። ሰኞ ዕለት ነበር። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ኮታቸው የተተኮሰ ሰው ናቸው። ሁለት ፓስፖርት በአንድ ላስቲክ አስረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ፏፏቴውን ለማየት ነው» አሉ፣ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ፎቶ በአገጫቸው እያሳዩ።

ፏፏቴው ያለበት ወንዝ የሁለት ሌሎች አገሮች ድንበር ነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ወዲህኛው ዳር ነው። ውሃው ፊት ለፊት የሚታየው ግን ድልድዩን በእግር ተሻግረው ከማዶ ሲያዩት ነው። ወዲህ ያለ ሰው የሚያየው በአብዛኛው ጭጋጉን ነው ይባላል።

«ለሁለታችሁም ደርሶ መልስ?» አለች እህቴ።

«ለእኔ ደርሶ መልስ። ለእሷ መሄጃ ብቻ።»

የእህቴ ጣቶች ኮምፒውተሩ ላይ ቆሙ። ላስቲኩን ፈትታ የሴቲቱን ፓስፖርት ገለጠች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

«ልጅዎ ናት?»

«ምራቴ ናት።»

«ባሏስ?»

«ማዶ ነው። ሆቴል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አድርሻት እመለሳለሁ፤ በዚያውም ፏፏቴውን አያለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ስለ ልጄ ነው ወይስ ስለ ፏፏቴው?»

«ስለ ሁሉም። ምራትዎ ትምጣና ከራሷ ልስማው።»

«ልብስ ፋብሪካ ናት፤ ፈቃድ አይሰጧትም። እኔ እያለሁ እሷ መጥታ ምን ታደርጋለች?»

«እሱን ነው የምጠይቃት።»

ቦታውን ለሦስት ቀን ያዘችላቸውና ሸኘቻቸው። ገና ከበሩ ሳይወጡ እኔ ጥግ መጣች።

«አየሽልኝ? ፓስፖርቷ ከእጁ አይለይም።»

«እታለም፣ ሽማግሌ ናቸው እኮ።»

«የዚያኛውም ሰውዬ ኮት የተተኮሰ ነበር።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ነገሩ ከነከነኝ። ሰውየው ሲወጡ ላስቲኩን ሁለት ጊዜ ነበር የጠቀለሉት። ለሁለት ፓስፖርት ያን ያህል ምን ያጠባብቃል?

ማክሰኞ የጋብቻ ወረቀትና የሠርግ ፎቶ ይዘው መጡ። እህቴ ማኅተሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አገላብጣ አየችው። ፎቶውን ደግሞ ለእኔ አመጣችው።

«ሙሽራዋ አትስቅም።»

«እኔም በሠርጌ ፎቶ ላይ ጥርሴን ሊነቅሉኝ የወሰዱኝ ነው የምመስለው» አልኳት።

ሰውየው የልጃቸውን ስልክ ሰጧትና ደወለች። አንድ ወንድ አነሳ፤ አዎ ባሏ ነኝ አለ፣ አዎ እቀበላታለሁ አለ። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ አልተፈታም።

«ከኋላው የሆነ ነገር ይንሿሿል» አለችኝ።

«ፏፏቴው ነዋ!»

«ወይም ያልተዘጋ ቧንቧ።»

አለቃችን ይህን ሰምቶ ከክፍሉ ወጣ። «አንቺ፣ ትኬት ቆራጭ ነሽ ወይስ መርማሪ? ነገ አሥር ሰዓት ላይ ቦታው ይለቀቃል። ልጅቷ የያዘችው የመግቢያ ፈቃድ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ቅዳሜ ካልበረረች ሁሉንም እንደ አዲስ ልትጀምር ነው። ሰውዬው ሌላ ቢሮ ቢሄዱ ለአንቺም ለእኔም አይበጀንም።»

እህቴ ወረቀቶቹን ሰብስባ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። የዚያን ቀን አውቶቡስ ላይ ግን፣ «ተሳስቼ ከሆነ የሰው ትዳር ነው የያዝኩት» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ካልተሳሳትኩስ?» አለች።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ ራሷ ከአማቷ ኋላ እያለከለከች ገባች። እጅጌዋ ላይ ክር ተጣብቋል። እህቴ ለሽማግሌው የሆኑ ወረቀቶች ሰጠቻቸው። «አባቴ፣ እስቲ እነዚህን ኮፒ ያስነሱልኝ» አለች። ወረቀቶቹ ኮፒ የሚያስፈልጋቸው አልነበሩም። ገባኝና፣ «ማሽኑ እስኪሞቅ ትንሽ ይቀመጡ» አልኳቸው። ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ እንደጋለ ነው። ሰውየው ተቀምጠው የልጄን ቢጫ ኮፍያ ማቃናት ያዙ። እኔ ጆሮዬን ወደ መስኮቱ ጣልኩ።

«የት የት ነው የምትሄጂው? በራስሽ አፍ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ከኪሷ የታጠፈ የደብተር ወረቀት አወጣች፤ ግን አላየችውም። «ቅዳሜ ጠዋት እንነሳለን። መሐል ላይ አውሮፕላን ስንቀይር አራት ሰዓት እንጠብቃለን። ሻንጣው በቀጥታ ያልፋል፤ እኛ አንነካውም። ማታ ወዲህኛው ዳር እናድራለን። እሑድ ጠዋት አባባ ድልድዩን አሻግረው ለባለቤቴ ያስረክቡኛል።»

«ያስረክቡኛል?»

«የእሳቸው አነጋገር ነው። እኔማ ሻንጣ ነኝ እንዴ?» ፈገግ አለች። «ከዚያ ተመልሰው ይሻገሩና ሰኞ ወደዚህ ይበራሉ።»

«አስገድዶሽ ነው የሚወስድሽ? ማንም አይሰማንም።»

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻት። «እህቴ፣ ባሌን በስልክ ብቻ ማየት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ለዚህ ጥያቄ ብዬ የግማሽ ቀን ደመወዜን ትቼ መጥቻለሁ። አንቺ ካልቆረጥሽልኝ ወንዙን ዋኝቼ ነው የማቋርጠው።»

እህቴ አንገቷ ድረስ ቀላች። መጻፍ ጀመረች። ቀኑን ጻፈች፣ ስሟን ጻፈች። ድንገት ቆመች።

«ተመልሰው ይሻገራሉ ነው ያልሽው?»

የልጅቷን ወረቀት ሦስት ቀን ሙሉ ስናገላብጥ ከርመናል። የሽማግሌውን ፓስፖርት ግን ከመጀመሪያው ገጽ አልፎ የገለጠው የለም። አሁን ገለጠችው። ወዲህኛው አገር የሰጣቸው ፈቃድ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነበር። የማዶው ደግሞ የአንድ ቀን።

«አባቴ፣ ይምጡ እስቲ። ድልድዩን ሲሻገሩ ከወዲህኛው አገር ወጡ ማለት ነው። ሲመለሱ በምን ይገባሉ?»

«በደርሶ መልሴ ነዋ።»

«ደርሶ መልሱ የአውሮፕላኑ ነው። ድንበሩ እሱን አያውቅም።»

«ደርሶ መልስ ማለት ደርሶ መመለስ ማለት አይደለም እንዴ ልጄ? በገዛ ቋንቋዬ?»

«ትኬቱ ላይ ነው። ፈቃድዎ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስገባዎት። ማዶም አያሳድሩዎትም፣ ወዲህም አያስገቡዎትም።»

«ታዲያ የት ልቀር ነው?»

የት እንደሚቀሩ ከእህቴ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ ነው የነገረችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ልጅቷ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትታያት ነበር። እዚያ ሊቀመጡ የነበሩት ግን ሰውየው ናቸው፤ የላከቻቸውም እሷ ትሆን ነበር።

ሁለት ጊዜ የሚያስገባውን ፈቃድ ለማውጣት አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። የልጅቷ ወረቀት እስከዚያ አይቆይም። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እህቴ እንደገና ማዶ ደወለች። ልጃቸው እዚያ የነዋሪ መታወቂያ አለው፤ ስለዚህ እሱ ወደ ወዲህኛው ዳር ተሻግሮ ሚስቱን ተቀብሎ መመለስ ይችላል። እርግጠኛ ነህ? ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው።

«እኔስ?» አሉ ሽማግሌው። «ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ጭጋግ ብቻ አይቼ ልመለስ?»

«ጭጋጉን አይተው ቤትዎ ይገባሉ።»

ትንሽ አሰቡ። «ይሁን። ለሚስቴ ግን ውሃውን አየሁት ነው የምላት።»

ትኬቶቹ ሲታተሙ እህቴ ፓስፖርቶቹን ለየብቻ ሰጠቻቸው። ላስቲኩን አልመለሰችም። «እንዳይጠፋ ብዬ እኮ ነው» አሉ ሰውየው። ልጅቷ የራሷን ተቀብላ ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችው።

ይህን ሁሉ አይታም እህቴን ጥርጣሬው አልለቀቃትም። ልጅቷን ወደ እኔ ጥግ ጎትታ በሹክሹክታ፣ «ስትሻገሪ መልእክት ላኪልኝ። ‹ደረስኩ› እንዳትዪ፤ ደረስኩን ማንም ይጽፈዋል። የዚህችን ሕፃን ኮፍያ ቀለም ጻፊልኝ» አለቻት።

እሑድ እኔ ቤት መጥታ ዋለች። የልጄን ልብስ ሳሰጣ ስልኳን በእጇ ይዛ በኋላዬ ትከተለኛለች። ጠዋት ምንም የለም። ከምሳ በኋላም የለም። «ያ የስልክ ድምፅ፣ ቧንቧ ነው ብዬሽ ነበር» አለች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። አንዲት ቃል ናት። «ቢጫ።»

ከቃሏ በኋላ ፎቶ ተከተለ። ልጅቷ ማዶ ሆና ወዲህኛውን ዳር ነው ያነሳችው። ነጩ ጭጋግ ውስጥ፣ እንደ ጣት ያነሰ ሰው፣ ኮቱን እንደለበሰ እጁን ያወዛውዛል። እህቴ ፎቶውን አስፍታ ኮቱን ለይታ እስክታየው ድረስ አልተቀመጠችም። ላስቲኩ ዛሬም መሳቢያዋ ውስጥ አለ። ሰው ትጠረጥር እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ፣ አዎ፣ አሁንም ትጠረጥራለች። አሁን ግን የሁሉንም ፓስፖርት እስከ መጨረሻው ገጽ ትገልጣለች።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት አንድ ነገር አስጨምራኛለች። በማንኛውም ድንበር ስታልፉ፣ መሻገሪያው አጠገብ ሻንጣውን ታቅፎ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ካያችሁ፣ ወጣት ሴትም ትሁን ኮት የለበሱ ሽማግሌ፣ ለአንድ ደቂቃ ቁሙና ጠይቁልኝ ብላለች። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ፓስፖርትሽ የት አለ?»