በብልቃጦቹ መሃል ያለው ቦታ

ጋሼ የምንላቸው አጎቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የእንስሳት ናሙና በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ነው። መደርደሪያው ላይ እግር አልባ እንሽላሊቶች አልኮል በሞላባቸው ብልቃጦች ተደርድረዋል። በሁሉም ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው። ጋሼ ግን ጠዋት ጠዋት በአራት ይከፍሏቸውና በየመሃሉ የአንድ መዳፍ ስፋት ይተዋሉ። አለቃቸው ደግሞ "ያው እንሽላሊት ናቸው፤ ቦታ አያባክኑ" እያለ መልሶ ያጠጋጋቸዋል።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ፣ "አይሰለችዎትም?" አልኳቸው።

"እግር ስለሌላቸው ብቻ አንድ ናቸው ይላል። ቅርፊታቸውን እንኳ አላየም" አሉኝ። "ሰዎቹ እስኪያምኑ ድረስ ቦታቸውን ልጠብቅላቸው እንጂ ምን ላድርግ?"

ጋሼ አርፈው አርባቸው በወጣ በሳምንቱ አንድ የድሮ ባልደረባቸው ቂርቆስ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው መጣ። እንሽላሊቶቹ ውጭ አገር ተመርምረው አራት የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው መገኘታቸውን ነገረን። በቃ፣ አሁን አመኑ! የጋሼን ስም ያነሳ ግን የለም።

ሰውዬውን ሸኝቼ ስመለስ ባለቤታቸው አክስቴ የጋሼን ወንበር ጓዳ አስገብተው የቀሩትን ወንበሮች አጠጋግተዋቸዋል።

"ባዶውን ማየት አልቻልኩም፣ ልጄ" አሉኝ።

ወንበሬን ሳብ አድርጌ ለጋሼ ቦታቸውን ለቀቅኩላቸው።