በአብሾ የተጠናው እንግሊዝኛ

ሰው «አቤት፣ ስንቱን የእንግሊዝኛ ቃል ነው የምታውቀው!» ሲለኝ ያቅለሸልሸኛል። ምኑን አወቅሁት? እንዴት እንደገባብኝ ስነግራቸው ደግሞ ይስቃሉ። እኔን አያስቀኝም።

ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የምማርበት ትምህርት ቤት ተዘጋና ከጓሳ ደጋ ግርጌ ወደሚኖሩት አጎቴ ሸሸሁ። አጎቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» እላቸዋለሁ። የዚያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ ብዙም ባይሆን ያግባባ ነበር። ውሃ መለመን፣ መንገድ መጠየቅ፣ ስለ እናቴ ሁለት ሦስት ነገር ማውራት እችላለሁ። የጎደለኝ ቃል ነው። ይዤ የመጣሁት አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የንባብ መጽሐፍ ሲሆን፣ ከኋላው በፊደል ተራ የተደረደረ የቃላት ዝርዝር ነበረው።

የኔታ መጀመሪያ መጽሐፉን ዞር ብለውም አላዩት። ነገሩ የተለወጠው አንድ ልጃቸው የጓሳ ሳር ሊሸጥ ሞላሌ ገበያ በወጣበት ቀን ነው። ጣሊያኖቹ ከነሸክሙ ወደ ምሽጋቸው ነዱት፤ ጠመንጃ አስይዘው ባንዳ አደረጉት። የኔታ አርበኞቹ ዘንድ ሄደው «ልጄ ተገዶ ነው» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! «ባንዳ ባንዳ ነው» ብለው መለሷቸው።

ኋላ እንግሊዞች በሱዳን በኩል ሊመጡ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። የኔታ ጠሩኝ።

«እንግሊዝ ሲመጣ የልጄ አፍ አንተ ነህ» አሉኝ። «በግድ እንደተወሰደ ትነግርልኛለህ። ያን መጽሐፍ አምጣ፤ ዛሬ እንጀምራለን።»

ጀመርን! በሚያውቁት መንገድ ነዋ፣ ልክ እንደ ዳዊት። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይቀበሉኛል፤ እንደ ንባቡ ደረጃ መጀመሪያ በቁጥር፣ ከዚያ በግእዝ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ። ኤብል፣ አባውት፣ አበቭ፣ አብሮድ... «ትርጉሙን ልንገርዎ» ስላቸው «ዝም በል! ንባቡ ሳይደላደል ምን ትርጓሜ አለ?» ይሉኛል። አንድ ቃል ከዘለልኩ በመቋሚያቸው መሬቱን ይደበድቡና «ከራሱ!» ይላሉ። እንደገና ከኤብል። ጉድ የሚያሰኘው፣ ከእንግሊዝ ፊደል አንዷን እንኳ ሳይለዩ ዝርዝሩን ከእኔ ቀድመው በቃላቸው ያዙት።

እኔ ግን እኩሌታው ላይ ስደርስ ይምታታብኝ ጀመር። የኔታ ጥቂት ታገሡኝና ከመርሐቤቴ ቆላ አብሾ አስመጡ። የቅኔ ተማሪ ትምህርት አልገባ ሲለው አእምሮ ይከፍታል እየተባለ የሚጠጣው፣ ቀናት ሙሉ የሚያሳብደው ነገር ነው።

«የኔታ፣ ይቅርብኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ልጄን ልትገድልብኝ ነው?» አሉኝ።

ምን ይባላል? ጠጣሁት።

ኤጭ! በጠላ የተበጠበጠ ጥቁር አተላ፣ ሽታው የበሰበሰ ቅጠል። ከምሰሶ ጋር አሰሩኝ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ፤ ትውከቴ ደረቴ ላይ ደረቀ፤ ያጠበኝም የለም። የመጽሐፉ ፊደላት እግር አውጥተው መሬቱ ላይ ሲርመሰመሱ አያለሁ፤ እየለቀምኩ እበላቸዋለሁ። ኋላ ሲነግሩኝ ስለቅምና ስቆረጥም የሰነበትኩት የበግ በጠጥ ነበር። እስከ ዛሬ ጥርሴን ስፍቅ ያ ጣዕም ይመጣብኛል። እፍ! ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ግን የየኔታ ደስታ ነው። ትይዩዬ ተቀምጠው፣ በስካሬ መሀል ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር ስወጣው ሰምተው «ከፈተለት! ተመስገን!» ይሉ ነበር።

እውነታቸውን ነው፣ ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልጠፋኝም። ግን አንድም ቃል ብቻውን አይመጣም። አንድ ቀን በሩን እያየሁ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ራሴን ጠየቅሁ። ድሮ የማውቀው ቃል! ከኤብል ተነስቼ፣ ኤን ጨርሼ፣ ቢን ጨርሼ፣ ሲን ጨርሼ፣ ስንት ቆይቼ «ዶር» ላይ ደረስኩ። አስቀድሞ በእጄ የነበረው ጥቂት ቃል ሁሉ ወረፋ ገብቶ አገኘሁት። ደንግጬ ለየኔታ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ዳዊትስ እንዲያው አይደል?» አሉኝ፤ ደስ እንዳላቸው።

እኔስ? እኔም ጅል፣ እንደገና ከኤብል ጀመርኩላቸው።

እንግሊዞቹ በእውነት መጡ። ምሽጉ እጁን ሰጠና ምርኮኛው ሜዳው ላይ ተቀመጠ፤ የየኔታም ልጅ ከመካከል ነበር፤ ከስቷል፣ ጺም አውጥቷል። ታስሮ የሚሄደውንና የሚለቀቀውን የሚለየው አንድ ፊቱ የቀላ ወጣት መኮንን ነው። አስተርጓሚው ከኋላ ከሚመጣው ጦር ጋር ቀርቷል። የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እጄን ይዘው ፊቱ አቆሙኝ። መኮንኑ አንድ ነገር ጠየቀኝና ጠበቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በደንብ ጠበቀ።

የምፈልገው ሁለት ቃል ነው፤ «ልጅ» እና «በግድ»። ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ አንደኛው ከመካከል፣ አንደኛው ወደ መጨረሻው። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም።

የኔታ በክርናቸው ጎሰሙኝ። «ኤብል በል እንጂ!» አሉኝ። ሊረዱኝ ብለው ራሳቸው በዜማ ጀመሩት። ኤብል፣ አባውት፣ አበቭ... እኔስ? አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ተከተልኳቸው። ሁለታችን እጃችንን አጣጥፈን ለእንግሊዙ እንግሊዝኛ ዘመርንለት።

መኮንኑ መጀመሪያ አፍጥጦ አየን። ቀጥሎ ጭኑን እየመታ ሳቀ፤ አርበኞቹም ሳቁ። ቢ ላይ እንኳ በቅጡ ሳንደርስ የየኔታን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገና ሰዓቱን አይቶ በእጁ ምልክት ሰጠ። ምርኮኞቹ ተነሱ። ልጁ «አባባ!» ብሎ ዞረ፤ ከኋላው ገፉት። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

ከየኔታ ጋር እስከ ጓሳ ጫፍ ሄድን። እዚያ ስንደርስ መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ።

«ልጄ፣ የትኛውን ቃል ዘለልን?» አሉኝ።

«አንድም አልዘለልንም፣ የኔታ» አልኳቸው።