የአጎቴ ሞክሼ

አጎቴ በስርቆት መከሰሱን ያነበበው አትላንታ አጠገብ ባለችው ታከር ውስጥ፣ በሚሠራበት መጋዘን ፓርኪንግ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ነው። ኢሜይሉን ደጋግሞ ካየው በኋላ ፎቶ አንስቶ ላከልኝና ደወለ።

«አንቺ፣ እስኪ በደንብ አንብቢልኝ። እኔ የገባኝ ትክክል ከሆነ ሰርቄያለሁ።»

የገባው ትክክል ነበር። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለመንዳት አፕላይ አድርጎ፣ የመንጃ ፈተናውን ወድቆ ወድቆ በመጨረሻ አልፎ፣ የቀረው የባክግራውንድ ምርመራ ብቻ ነበር። ምርመራውን የሠራው ኩባንያ ደግሞ በካውንቲ፣ ማለትም በአውራጃ፣ ደረጃ ባደረገው ፍለጋ በስሙና በልደት ቀኑ የስርቆት ክስ ማግኘቱን ጽፏል። ዝርዝሩ በፖስታ ይመጣል ይላል። ተቃውሞ ካለው ቶሎ ያቅርብ፣ አለዚያ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

አጎቴ ለዓመታት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ወገቡ ከእሱ ቀድሞ አርጅቷል። አውቶቡስ የመንዳት ነገር ከገባበት ጀምሮ ሳሎን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን እያየ እንኳ ቀኝ እጁን ዘርግቶ በር ሲከፍት አየው ነበር። ቀስ ብሎ ይከፍታል፣ ልጆቹ እስኪገቡ ይጠብቃል፣ ይዘጋል። ያን ዕለት ማታ ቤቱ ስሄድ እጁ ጭኑ ላይ ነበር።

ስልኬን አውጥቼ አጎቴ የሚኖርበትን የዲካልብን ካውንቲ ፍርድ ቤት ገጽ ከፈትኩ። ነገሩ ከባድ አይደለም። ስምና የአባት ስም ታስገቢያለሽ፣ ሰርች ታደርጊያለሽ፣ በዚያ ስም የተከፈተ ኬዝ ካለ ይዘረዘራል። ማንም ሰው የማንንም ማየት ይችላል። አጎቴ ይህን ሲሰማ ደነገጠ።

«ማንም?»

«ማንም።»

«ጎረቤትም?»

«ጎረቤትም። ግን ምንም የለም፣ ጋሼ። ባዶ ነው።»

«ሰዎቹ አገኘን እያሉ?»

አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ራሱን እየመረመረ እንደነበር ገባኝ።

«ሰው እኮ ሳያውቅም ያጠፋል» አለ። «ያ ሱቅ ውስጥ ራስሽ የምትከፍይበት ማሽን የለም? አንድ ሳሙና ጢጥ ሳላሰኘው አልፌ ይሆናል። ካሜራ አላቸው።»

«በሳሙና ማንም አይከስስህም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ነገ ፍርድ ቤቱ ድረስ እንሄዳለን። ሥራ ለቅቀሽ የለ? መቼም ሥራ መልቀቅን ስፖርት አድርገሽዋል። ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አጎቴ እንኳን ለራሱ፣ ለሰውም ሽማግሌ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሱቅ አብረው የከፈቱ ጓደኛሞች ሲኳረፉ የሚጠራው እሱ ነው። እሱ የሚያውቀው ሥርዓት አንድ ነው፦ ስምህ በክፉ ከተነሳ ብቻህን አትሄድም። ቃላቸው የሚከበር ሰዎች አስከትለህ ትሄዳለህ፣ እነሱ እናውቀዋለን ይላሉ፣ ያጠፋኸው ካለ ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ ነገሩ ያልቃል።

«ጋሼ፣ እዚህ እንደዚያ አይሠራም።»

«ሰው የትም ሰው ነው» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የሐጂ ቫን አጎቴ ደጃፍ ቆመ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ ያመላልሳሉ። ያን ቀን ሥራ ትተው ነጭ ቆባቸውን አድርገው መጡ። ከጎናቸው የተቀመጡት የአጎቴ ጎረቤት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን መሀል ከተማ የፓርኪንግ ሠራተኛ ሆነው ጨርሰው አሁን ጡረታ ላይ ያሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰው። ለሠርግ የሚለብሱትን ሱፍ ለብሰው ከረቫት አስረዋል። አጎቴም ሱፍ ለብሷል። እኔ ጂንስ ለብሼ ከኋላ ገባሁ። ሐጂ በመስታወቱ አዩኝና «ሙሽራዋ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

ፍርድ ቤቱ ያለበት ዲኬተር ስንደርስ ፓርክ ለማድረግ ዞርን ዞርን። በመጨረሻ የቆምንበት ቦታ ሜትሩ የጠየቀውን ክፍያ ያዩት ጡረተኛው የፓርኪንግ ባለሙያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሌባ ከፈለጉ ይህን ይያዙ» አሉ።

አጎቴ አልሳቀም።

ፍርድ ቤቱ መግቢያ ላይ ቀበቶ ተፈታ፣ የሐጂ መቁጠሪያ በፕላስቲክ ሳህን አልፎ ተመለሰ። መዝገብ ክፍል የሚባለው መስኮት ጋ ስንደርስ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አራታችንንም አየች። ማን እንደሆንን ጠየቀች። እነዚህ ሰዎች ምን ይባላሉ በእንግሊዝኛ? ምስክር አይደሉም፣ ጠበቃ አይደሉም። «ሰውየውን የሚያውቁት ናቸው» አልኳት።

ጎረቤትየው ያዘጋጁትን ንግግር ጀመሩ። እኔ እየተረጎምኩ ነው። ይህን ሰው ሀገሩን ለቆ ከመጣበት ቀን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ የሰው ገንዘብ አይነካም፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ምናልባት ሳያውቅ ያጠፋው ነገር ካለ ግን እኛ ከፊት ቆመን ይቅርታ እንጠይቃለን። ከኋላችን ሰልፍ ነበር። ሴትየዋ አላቋረጠቻቸውም። እስከ መጨረሻው ሰማችና ስሙን ጽፋ ስክሪኗን አየች።

«ንግግሩ በጣም ደስ ይላል» አለች። «ግን ይቅር የምለው ነገር የለኝም። እዚህ ካውንቲ ውስጥ በስሙ የተከፈተ ምንም የለም።»

«ታዲያ የት ነው ያለው?» አልኳት።

ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ካውንቲ የሚይዘው እዚያው ካውንቲ ውስጥ የሆነውን ብቻ ነው። ሰውየው የት ይኖራል የሚለው አይጠቅምም፤ ነገሩ የት ተፈጠረ ነው ጥያቄው። እናም መዝገብ የሚፈልግ ሰው፣ ሰውየው የኖረበትንም የሠራበትንም ቦታ ሁሉ እያስታወሰ አንድ በአንድ መጠየቅ አለበት። «ሌላ የት ሠርቷል?» አለችኝ።

ስተረጉምለት አጎቴ አሰበ። «መጀመሪያ እንደመጣሁ ፒችትሪ ኮርነርስ ነበርኩ። ፋብሪካ።»

«እሱ ግዊኔት ካውንቲ ነው» አልኩት።

ሐጂ ጣልቃ ገቡ። «ሁሉም አትላንታ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም፣ ሐጂ።»

«እኔ ለተሳፋሪ ሁሉ አትላንታ ነው የምለው። ከካውንቲ ካውንቲ ሳሻግራቸው ኖሬያለሁ በይኛ።»

ሴትየዋ፣ ለማንኛውም አንዴ በልደት ቀኑም ልይ ብላ ጠየቀችን። አጎቴ ይህን በእንግሊዝኛ ያውቀዋል። «ጃንዋሪ አንድ» አላት።

«እኔም እኮ ጃንዋሪ አንድ ነኝ» አሉ ሐጂ።

ጎረቤትየው ዞር አሉ። «አይደሉም!»

«ወላሂ።»

«እኔም ነኝ።»

መንጃ ፈቃዶቻቸውን አወጡና መስኮቱ ላይ ደረደሩት። ጃንዋሪ አንድ፣ ጃንዋሪ አንድ፣ ጃንዋሪ አንድ። ሴትየዋ ካርዶቹንና ፊታቸውን እያፈራረቀች ካየች በኋላ ወንድማማቾች እንደሆኑ ጠየቀች።

«የአንድ ጸሐፊ ልጆች ነን በያት» አሉኝ ሐጂ።

ተረጎምኩላትና ማብራሪያውን ጨመርኩ። በስደተኛ ካምፕ የሚመዘግበው ሰው ቀኑን ሲጠይቅ፣ አጎቴ እናቱ የነገረችውን ብሏል፦ በፍልሰታ ጾም፣ ዝናብ እየጣለ። ሐጂ መውሊድ ሰሞን ብለዋል። ቅጹ ላይ ለፍልሰታም ለመውሊድም ቦታ የለውም፤ ጸሐፊው የዓመቱን የመጀመሪያ ቀን ሞልቶ ቀጣዩን ሰው ጠራ። ይህን እየተናገርኩ ሳለ ነው ድንገት የገባኝ። ኩባንያው ያመሳሰለው ስምና የልደት ቀን ነው። የአጎቴ ስም ደግሞ ከነአባቱ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ብትጠሪው ግማሹ ሰው የሚዞርልሽ ዓይነት ነው። ልደቱም ሰውየው በካምፕ ማለፉን እንጂ ማን መሆኑን አይናገርም።

ቫኑ ውስጥ ገብተን የግዊኔትን ገጽ ከፈትኩ። ስሙን ጻፍኩ፤ ወጣ። የአጎቴ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ስርቆት። አሳየሁት። ስልኩን አይቶ መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ አንተ ላትሆን ትችላለህ።»

«ስሜ ነው።»

ወደ ግዊኔት ፍርድ ቤት ስንሄድ ሐጂ ሬዲዮውን ዘጉት።

እዚያ ሕዝብ የሚጠቀምበት ኮምፒውተር አለ። የኬዙን ቁጥር አስገብቼ ፋይሉን ከፈትኩ፤ ሦስቱ ከኋላዬ ቆሙ። ሐጂ ጎንበስ ሲሉ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ስም አለ፣ ጃንዋሪ አንድ አለ፣ ዓመቱም የአጎቴ ዓመት ነው። ከዚያ አጎቴ ኖሮበት የማያውቅ አድራሻ። ከሱ በታች ቁመት፦ ስድስት ጫማ ከሁለት ኢንች።

«እሱ ስንት ነው በእኛ?» አሉ ጎረቤትየው።

ብድግ ብዬ እጄን ከራሳቸው በላይ አነሳሁ። «እስከዚህ።»

ሁለቱም ሽማግሌዎች ወደ አጎቴ ዞሩና ቁልቁል አዩት። አጎቴ ቆሞም ቢሆን ከሐጂ ትከሻ አይበልጥም።

«ሰርቀው ከሆነ ቁመትዎንም አብረው ሸጠውታል» አሉ ሐጂ።

ጎረቤትየው ክፍሉን እስኪረሱ ሳቁ፣ አንድ ጠበቃ ዞሮ አየን። እኔም ሳቅኩ። አጎቴ ግን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ።

«ምንድን ነው የሰረቀው?»

«ጃኬት። ከሱቅ።»

«መቼ?»

ወሩን አነበብኩለት፤ የብርዱ ወቅት መሀል ነበር።

«በርዶት ነበራ» አለ። «ከዚያስ ምን አደረጉት?»

ወደ ታች ወረድኩ። የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሠራ ታዟል፤ ሠርቶ ጨርሷል፤ ክሱ ዲስሚስ ሆኗል። «ተዘግቷል» አልኩት።

አጎቴ ትንፋሹን ለቀቀ። ከጠዋት ጀምሮ ይዞት የነበረውን ነው የለቀቀው። «ተመስገን» አለ፣ ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር፣ «ሞክሼዬ» አለ።

እኛ ዘንድ ሞክሼ ባዳ አይደለም። መንገድ ላይ በስምህ ሲጠራ የሰማኸው ሰው ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ ሰላም ትለዋለህ፣ ደህንነቱን ትጠይቃለህ። አጎቴ በዚያ ኮምፒውተር ፊት እያደረገ የነበረው እሱን ነው።

የፋይሉን ቅጂ ማኅተም አስመትተን ወጣን። ተቃውሞውን ቫኑ ውስጥ ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ቁመቱን፣ አድራሻውን፣ የጃንዋሪ አንድን ነገር አስገባሁና መዝጊያው ላይ፣ ታማኝ ሠራተኛ ከሌባ ጋር መምታታቱ አሳፋሪ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩ። ኮርቼበት ነበር። ጮክ ብዬ በአማርኛ አነበብኩላቸው።

«ሌባ የሚለውን አውጪው» አለ አጎቴ።

«አንተን ለማዳን እኮ ነው።»

«ጉዳዩ ተዘግቷል አላልሽም? የተዘጋ ነገር አትክፈቺበት። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ ያ ሰው ሌላ ሰው ነው። የእሱ ጉዳይ ተዘግቷል፣ የእኔም ይዘጋ።»

«ግጥም የምጽፈው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«አንቺ ታበዢዋለሽ።»

ጎረቤትየው «እውነቱን ነው» አሉ፣ አንድም ግጥሜን ሳያነቡ። ሌባውን አወጣሁና አጎቴ ባለው ጨርሼ ላክሁት።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። አጎቴ ካርቶኑን ማንሳት ቀጠለ፣ እኔ ሌላ ሥራ ጀመርኩ። መልሱ ሲመጣ አጭር ነበር፦ መዝገቡ የእርስዎ አለመሆኑን አረጋግጠናል፣ ሪፖርቱ ተስተካክሏል። እሱን ተከትሎ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ደውለው ሥልጠና የሚጀምርበትን ቀን ነገሩት። ያን ማታ ሶፋው ላይ እጁን ዘረጋና በሩን ከፈተ። አላየሁም ለማለት ስልኬን አነሳሁ።

ዘንድሮ ጃንዋሪ አንድ ላይ ሦስቱ ጎረቤትየው ቤት ተሰበሰቡ። ልደት አክብረው አያውቁም፤ ሐሳቡን ያመጡት ሐጂ ናቸው፣ የአንድ ጸሐፊ ልጆች ለየብቻ አያከብሩም ብለው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ አጎቴ ግን ያን የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ መጣ። ልጆቹ እንደሚያስቸግሩት፣ አንዷ በየቀኑ ጓንቷን አውቶቡሱ ውስጥ እንደምትረሳ አወራልን። ዳቦው ሲቀርብ እንዲባርክ ጠየቁትና ተነሳ። ቤቱን ባረከ፣ ሽማግሌዎቹን ባረከ፣ እኔን አንድ ሥራ ላይ ያቆይልሽ አለኝ። ሊቀመጥ ሲል መለስ አለ።

«ዛሬ ልደቱ የሆነ ሌላም አለ» አለ። «ሞክሼዬንም የትም ይሁን የት ብርድ አይንካው።»

«አሜን።»

«አሚን» አሉ ሐጂ፤ ከዚያ ዳቦውን እየቆረሱ፣ «ለመሆኑ ስንት ዓመት ሞላዎት?»

«እኔን ምን ይጠይቁኛል?» አለ አጎቴ። «ጸሐፊውን ይጠይቁ እንጂ።»