ከጋዜጣው ሥር ያለችው ሴት

አቶ ገብረጻድቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ በእርጥብ ጨርቅ እያራሱ በጥፍራቸው ቀስ ብለው ይልጣሉ። አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠሩ፣ መንገደኞች ጥለዋቸው ከሚወርዱ የፈረንጅ መጽሔቶች የጥንት ሠዓሊዎችን ሥዕል እየቆረጡ ቤታቸው ይለጥፉ ነበር። አብልጠው የሚወዱት መስኮት አጠገብ ቆማ ደብዳቤ የምታነብ ሴት ሥዕል ነበር።

"ብርሃኑ ጉንጯ ላይ እንዴት እንዳረፈ እዩልኝ" ይሉ ነበር፣ ቤታቸው ለገባ ሁሉ።

አሁን ዓይናቸው እየፈዘዘ ነው። ትናንት ለቅሶ ቤት ሲውሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈለቀች ለፋሲካ ብለው ሥዕሎቹ ላይ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ለጠፉባቸው።

"ቤቱ ያምርልዎ ብዬ እኮ ነው" አሉ ፈለቀች እየተርበተበቱ።

"ሴትዮዋን እኮ ገነዝሻት! ዓይኔ ሳይጠፋ አንዴ ልያት።"

ጋዜጣው ሲነሣ ግን ሥዕሉም አብሮ ተነሣ። ፊቷ ተበጣጠሰ፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ደብዳቤውን የያዘው እጇ ብቻ ነው።

"ኧረ ባቡሩ ጮኸ! ከተማ ያለው የዓይን ሐኪም ቀጠሮዎ ዛሬ ነው፣ ይነሡ እንጂ!" አሉ ፈለቀች።

"ምን ልይበት ብዬ ልታከም?" አሉ አቶ ገብረጻድቅ፤ ጨርቁንም መልሰው ነከሩት።

ባቡሩ ወደ ከተማ አለፈ። የቀጠሮው ወረቀት ከኮታቸው ኪስ አልወጣም።