መሪ ያለው ሪሞት

ወንድሜ ከኢንጅባራ ዳንግላ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ ኢንጅባራ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከእሱና ከሚስቱ ጋር በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው።

አንድ ቀን ጧት ዳንግላ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው ቀኝ እጁ መሪው ላይ እንዳለ ከዳው። እግሩ ገና አልደነዘዘም ነበርና በግራ እጁ መኪናዋን ወደ ጥግ አውጥቶ ፍሬን ያዘ። ተሳፋሪዎቹ ሰው ሊጭን የቆመ መስሏቸው "ሞልቷል እኮ፣ የት ልታስቀምጥ ነው?" እያሉ ተነጫነጩ። ረዳቱ ጠጋ ብሎ ሲያየው ነው አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ያገኘው።

ስትሮክ ነው ተባለ። ሆስፒታል ከርሞ ሲመለስ ምላሱ ቀስ በቀስ ተፈታለት፤ በምርኩዝም መራመድ ጀመረ። ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደተኛ ቀረ። ሐኪሙ እጁ ላይ ብዙ ተስፋ እንዳያሳድር በግልጽ ነግሮታል። እሱ ግን "ሐኪም ሁሉን አያውቅም" ብሎ ነገሩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ በር ላይ ወንበር አውጥቶ በአስፋልቱ የሚያልፉትን መኪኖች ሲያይ መዋል ሆነ ሥራው። የትኛው ሹፌር ማርሽ እንደሚያስጮህ፣ የትኛው ጎማ እንደሳሳ ሳይጠየቅ ይናገራል። እየዋለ ሲያድር ይህንንም ተወው።

ድሮ አብሮት ይነዳ የነበረ፣ አሁን አዲስ አበባ የሚሠራ ጓደኛው መታመሙን ሰምቶ አንድ ካርቶን ላከለት። ውስጡ በሪሞት የምትነዳ መኪና ነበረች፤ ያገለገለች፣ ክንድ የምታህል። "ሪሞቷ ስለጠፋ ሌላ ፈልጉላት" የሚል መልእክትም በስልክ ደረሰን። ለታመመ ትልቅ ሰው መጫወቻ መላኩ ለእኔ አልጣመኝም። ወንድሜ ግን በግራ እጁ ገልብጦ ሆዷን ሲያያት ቆየና "እንደ ትልቅ መኪና ዲፈረንሻል አላት" አለ። ከታመመ ወዲህ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሪሞት ፍለጋው የእኔ ሥራ ሆነ። ባሕር ዳር የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሰው ስልክ አፈላልጌ አገኘሁ። ኔትወርክ ሲመጣ ፎቶ ይልክልኛል፣ ሲሄድ ቀሪውን ማግስቱን እንጨርሳለን። ሪሞቱ ለብቻው እንደማይሸጥ፣ መኪናዋ ሆድ ውስጥ ገብታ የሪሞቱን ትእዛዝ ከምትቀበል ትንሽ ሪሲቨር ጋር መሆኑን ያስረዳኝ እሱ ነው። የወንድሜ ሚስት ሪሲቨር ስንል ሰምታ "ዲሽ ልታስገቡ ነው እንዴ?" አለች።

ስክሪን ያለው ከአቅማችን በላይ ስለነበር ተውነው። ከርካሾቹ ሁለት ዓይነት ቀረልን። አንዱ ሁለት ዘንግ ያለው ነው፤ ጉልበት ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣት ይገፉታል። አንዱን ዘንግ ለቀቅ ሌላውን ያዝ እያሉ በአንድ እጅም ይሞከራል። ሌላው እንደ ሽጉጥ የሚያዝ ሆኖ በግራ እጅ ቃታ የመሰለውን ነዳጅ መስጫ ይስቡታል፤ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ክብ መሪ በቀኝ እጅ ያዞሯታል።

"ዘንግ ያለው ይሻላል ጋሼ" አልኩት።

"መሪ ያለው ነው መኪና ማለት" አለኝ።

"በቀኝ እጅ ነው እኮ የሚዞረው።"

"አውቃለሁ። እስኪመጣ እጄም ይመጣል።"

ሪሞቱ ከምን ያህል ርቀት እንደሚሠራ ባለሱቁን ስጠይቀው፣ "ርቀቱ ይቅርብሽ እህቴ። በርካሽ ሪሞት ዋናው ነገር፣ ሲግናል ሲቋረጥ መኪናዋ ራሷ እንድትቆም ማድረጉ ነው። ይህ የሌለው ከእጅ ወጥቶ ሰው እግር ውስጥ ይገባል፤ እኔ የማሳይሽ ግን ያቆማል" አለኝ። ወንድሜ በስፒከር ይሰማ ነበር። "እኔም እንደዚያው ነው ያደረግሁት፤ ጥግ ይዤ አቆምኳት" አለ። ስለዚያች ጧት ከአንደበቱ የሰማሁት ይህንን ብቻ ነው። ባለሱቁ ምን ማለቱ እንደሆነ ስላልገባው "አቤት?" አለ። እኔ "መሪ ያለውን ላክልን" አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ሪሞቱ በአንድ የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ሚኒባስ መጣ። የባትሪ ድንጋይ አስገባንለት፣ ባለሱቁ በስልክ እየመራኝ ሪሲቨሩን መኪናዋ ውስጥ ገጥሜ ከሪሞቱ ጋር አገናኘሁት። ከቤታችን ጀርባ ተጀምሮ የቆመ ሕንፃ አለ፤ ላዩ የተሸፈነ፣ ወለሉም ሲሚንቶ ስለሆነ ዝናብም ጭቃም አይደርስበትም። ወንድሜን እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። በግራ እጁ ሪሞቱን ያዘ። ቀኝ እጁን ሚስቱ አንስታ መሪዋ ላይ አደረገችለት። ጣቶቹ ተንሸራተው ወደቁ። እንደገና አደረገችለት፤ እንደገና ወደቁ። መኪናዋ ወደፊት ብቻ ሄዳ ግድግዳ ስትነካ ቆመች።

ከዚያ ሚስቱ በርከክ ብላ ተቀመጠችና መሪዋን በሁለት ጣቷ ያዘች።

"ወዴት ላዙር?"

"መሪ ይዘሽ ታውቂያለሽ?"

"አንተስ ይዘኸው ነው የተወለድከው?"

እንደዚህ ሆነው መንዳት ጀመሩ። እሱ ነዳጅ፣ እሷ መሪ። መጀመሪያ ላይ ምሰሶ ሁሉ እየመቱ አስቸገሩ። እሷ ገጠር ያደገች ስለሆነች ስትደነግጥ በአዊኛ ነው የምትጮኸው፤ እሱም በአዊኛ ይመልስላታል። መኪናዋ ሄዳ ስትዞር ደግሞ ግራና ቀኙ ይጠፋባታል።

"ወደ እኛ ስትመጣ ይገለበጣል" አላት። "ውስጧ ተቀምጠሽ እንደምትሄጂ አስቢ።"

"በምን አውቄ? ጋቢና አንድ ቀን አስቀምጠኸኝ አታውቅ።"

ነዳጁን ለቀቀው። መኪናዋ ወለሉ መሃል ቆመች።

"ጋቢና ሁልጊዜ ተሳፋሪ ነበረው" አለ ዝቅ ብሎ።

"እሱማ ነበረው" አለች። ቂም አልነበረባትም፤ መሪዋንም አልለቀቀችም። "በል ሳብ፤ እኔ እመልሳታለሁ።"

ያን በጋ ከሥራ ስመለስ ብዙ ጊዜ ያገኘኋቸው እዚያ ወለል ላይ ነው። ከመታጠፊያ በፊት ፍጥነት መቀነስን፣ ታጥፈው ሳይጨርሱ ነዳጅ አለመስጠትን አስተማራት። በዳንግላ መንገድ የትኛው ኩርባ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ጉም ሲወርድ አስፋልቱን በምን እንደሚለይ ነገራት። በትዳር ስንት ዘመን ኖረው ስለ ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወሩት ያኔ ይመስለኛል። እጁ ግን አልመጣም። ወደ በጋው መጨረሻ "እጄ ሲድን" ማለቱን ራሱ ተወው፤ እኛም አላነሳንበትም።

ክረምቱ ሲገባ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ጧት ሚስቱ ልትቀሰቅሰው ስትገባ መልስ አልሰጣትም። ሆስፒታል ትንፋሹ ሳይወጣ ደረስን፤ ግን አንድም ቃል ሳይናገር በዚያው ሳምንት አረፈ። ለቀብሩ የመስመሩ ሹፌሮች ሥራ አቁመው መጡ። ዝናቡ አላባራም ነበር። ሚስቱ አላለቀሰችም፤ ሰው "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ሲላት ጭንቅላቷን ብቻ ትነቀንቃለች።

ከአርባው በኋላ ጥሊሊ አጠገብ ወዳሉት እናቷ ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ። "ከእኔ ጋር ሁኚ" አልኳት። "እዚህ ግቢ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ተነስቶ በር ይከፍታል፤ አልቻልኩም" አለችኝ። ልብሷን፣ መኪናዋንና ሪሞቱን በአንድ ማዳበሪያ ከተትንና መናኸሪያ ሸኘኋት።

አሁን በገበያ ቀን ጥሊሊ ስትወጣ ትደውልልኛለች። እናቷ እንዴት እንዳሉ፣ ድንች ምን እንዳወጣ፣ ብርዱ እንደበረታ ትነግረኛለች። እኔም ሥራ እንዴት እንደሆነ እነግራታለሁ። ወሬው ሲያልቅ ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ ጥቂት እንቆያለን፤ የገበያው ጫጫታ ይሰማኛል። ከዚያ "በይ ደህና ሁኚ" ትለኛለች።