የጎረቤታችን ሰላምታ

የመኪናዬ ሬዲዮ ጣቢያ ሲጠፋበት ሽሽሽ የሚለው ነገር አባዬን ያመጣብኛል። ትናንትም እዚህ ካልጋሪ፣ ኦግደን ከሚባለው ሰፈር ሺፍት ጨርሼ ስመለስ ሽሽሽ አለና የዱሮው ነገር መጣብኝ።

ያኔ ዶቨር የሚባል ሰፈር ነበርን፤ እኔ ሃይስኩል ነኝ። አባዬ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የምሥራቁ ጦርነት የኢትዮጵያ ጦር ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ከዚያ በላይ ትንፍሽ አይልም። ጎረቤታችን ደግሞ በዚያው ጦርነት የወዲያኛው ወገን ሬዲዮ ኦፕሬተር የነበሩ፣ ተማርከው አማርኛን እስር ቤት የለመዱ ሶማሌ ናቸው። ስልክ ሲደውሉ የእናቱን፣ የልጁን፣ የከብቱን ሳይቀር ደህንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። «ጋሼ፣ ካልጋሪ ምን ከብት አለንና!» እያልኩ እስቅባቸዋለሁ። አባዬ ግን ድምፃቸውን ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጥና ቤዝመንት ይወርዳል።

ምን ልበልህ፣ ጠረጠርኩት። ምን ቢያደርግ ነው የሚሸሻቸው? ጆሮ ጠቢ ነበር እንዴ?

እሳቸውም የሚጠረጥሩት ሰው ነበራቸው። ምሽጋቸው አንድ ማለዳ የተደበደበው አብሯቸው የዘመተው የአጎታቸው ልጅ ያሉበትን ቦታ ለጠላት ሸጦ ነው ይላሉ። ሰውየው ከኤድመንተን እየደወለ «በአላህ፣ እኔ አይደለሁም» ይላቸዋል፤ ጆሮው ላይ ይዘጉታል። ይህን ባወሩ ቁጥር አባዬ አንገቱን ይደፋል።

አንድ ቀን አፋጠጥኩት። «ምን ታውቃለህ?»

«ድሉን አውሩ፣ እንዴት እንደተገኘ ግን እስክትሞቱ እንዳታወሩ ተብለናል።»

«አባዬ፣ አለቀ እኮ! አሸነፋችሁ!»

«ቃል ገብቻለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። ኤጭ!

ከዚያ የአጎታቸው ልጅ ሞተ። ጎረቤታችን ሳሎናችን ተቀምጠው «የከሃዲ ቀብር አልሄድም» አሉ። አባዬ ብድግ አለ። ሶማሊኛ እንደሚችል እንኳ አላውቅም ነበር፤ ያንን የእናት፣ የልጅ፣ የከብት ሰላምታ አንድም ሳያስቀር በሶማሊኛ አወረደው። የጎረቤታችን ፊት ላይ ደም ጠፋ።

«በየማለዳው በሬዲዮ እንዲህ ብለህ ነበር የምትጀምረው» አላቸው። «ሰላምታህ ረጅም ነው፤ እስክትጨርስ ሞገዱ ከየት እንደሚመጣ ለክተን ያለህበትን ቦታ እናገኘው ነበር። የአጎትህ ልጅ ምንም አላደረገም።»

ጎረቤታችን ጃኬታቸውን ትተው ወጡ። ኤድመንተን ሲደርሱ ተቀብሮ ነበር።

አባዬ አሁን የለም። ትናንት ቤት ስገባ ለጎረቤታችን ደወልኩ። «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» «ደህና» አሉ፤ በቃ። እናቴን አልጠየቁ፣ ልጆቼን አልጠየቁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ላይ እንዲህ ናቸው። «ጋሼ፣ ‹ከብቶቹስ ደህና ናቸው?› በሉኝ እንጂ» ልላቸው ፈልጌ፣ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።